ሁለቱ ይቃጠሉ፣ ሁለቱ ይቀዝቅዙ

በባሕር ዳር የልብ ሐኪም ጥቂት ነው ሲባል እሰማለሁ። ውሸት ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም ፋሲሎ ሰፈር ባለው የወንድሜ ሳሎን ውስጥ ብቻ የልብ ሐኪም ሞልቶ መቀመጫ ጠፍቶ ነበር። አንዱ ባንክ ቤት የብድር ክፍል ኃላፊ ነው፤ አንዱ ኮሌጅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል፤ የቀሩት ጡረተኞች፣ ነጋዴዎችና ሥራቸው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልገባኝ ዘመዶች ናቸው። ሁሉም ስለ ወንድሜ ልብ ከወንድሜ የበለጠ ያውቁ ነበር።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበርሁ። ሥራዬ ከማሽን የወጣውን ጣቃ ብርሃን ላይ ዘርግቶ እንከን መፈለግ ነው። ዘመዶቼ ይህች ሴት ፊቷ አይፈታም ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ እነሱን እያየ ፊቱ የሚፈታ ሰው ካለ ዓይኑን ይታይ። የእነሱን እንከን ለማግኘት ብርሃን እንኳ አያስፈልግም።

ወንድሜ አካሉ ይባላል። ተወልደን ያደግነው ጎርጎራ ነው። ጢም ሳያበቅል ጀልባ ላይ ገመድ ሳቢ ሆኖ ጀመረ፤ ቀስ በቀስ ሞተር ጠባቂ፣ በመጨረሻም ነጂ ሆነ። ከባሕር ዳር ጎርጎራ ሰውና እህል፣ ፍየልና ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም ሬሳ ጭኖ ጣናን ሲያቋርጥ ዕድሜው ሄደ። የብስ ላይ ሲታይ አካሉ ያሳዝናል። እምቢ የሚባል ቃል ከአፉ አይወጣም። ጎረቤት ጋቢውን ተውሶ ሳይመልስ ሲቀር ሌላ ጋቢ ያውሰዋል። ጠግቦ ሳለ «ብላ» ካሉት ይበላል። ይሉኝታ የሚገድል በሽታ ቢሆን አካሉ ድሮ ተቀብሮ ነበር እያልሁ እቀልድ ነበር። አሁን አልቀልድም።

ጀልባው ላይ ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ጊዜ የሚስቱ ወንድም ክንዱ፣ ያ የባንክ ቤቱ ሰውዬ፣ ወደ ጎርጎራ ተሳፍሮ ሳለ ነፋስ ተነሣ። ክንዱ ከመቀመጫው ተነሥቶ በደሴቱ በስተቀኝ ቢኬድ እንደሚቀርብ ማስተማር ጀመረ። አካሉ አልተቆጣም። መሪውን አዙሮ ወደ ዳር ተጠጋ፤ ሞተሩን አጠፋና «ውረድ» አለው። ክንዱ ሳቀ። አካሉ አልሳቀም። ከዚያ ክንዱ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ውኃው ዳር ከበቀለው ደንገል መካከል ወረደ፤ ጀልባዋም ትታው ሄደች። ከዚያ ወዲህ በዚያች ጀልባ ላይ መንገድ የሚያስተምር ሰው አልተሰማም።

የአካሉ ልብ መበላሸት የጀመረው ሳናውቀው ነው። መጀመሪያ ድካም ነው አልን፤ ቀጥሎ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር። «ደረቴ ውስጥ ዓሣ ይፈራገጣል» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጎርጎራ ደርሶ ተሳፋሪ ካወረደ በኋላ ዓይኑ ጨልሞበት ጀልባዋ ወለል ላይ ተቀመጠ። የጀልባ ማኅበሩ ሐኪም ካልፈቀደ በቀር እንዳይነዳ ከለከለው። ልክ ነበሩ፤ ሰው ጭኖ የሚሄድ ነው። አካሉም አልተከራከረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ወደ መሪው መመለስ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጀልባ ማቆሚያው እየሄደ ሌላ ሰው የእሱን ጀልባ ሲያስነሣ ቆሞ ያያል።

የልብ ሐኪሙ ዶክተር መቅደላዊት ናት። ልጅ ናት፤ ትዕግሥቷ ግን የባልቴት ነው። መድኃኒት ሞከረች፤ በኤሌክትሪክ ምት ልቡን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያው ሆነ። ያኔ አዲስ አበባ ሄዶ የሚሠራለት ሕክምና እንዳለ ልታስረዳው ጠራችው። አካሉ ከሚስቱ ከባንቺአየሁ ጋር መግባት ሲበቃው ክንዱና የአጎታችን ልጅ ሕዝቅኤል ተከትለው ገቡ። ሕዝቅኤል የኢኮኖሚክሱ አስተማሪ ነው። ወንበሩን እነሱ ስለያዙት እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ፤ የተባለውን የነገረችኝ ባንቺአየሁ ናት፤ እሱንም እየቆየች፣ ቁርጥራጩን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአካሉ ልብ ላይኛው ክፍል ከየአቅጣጫው የሚመጣ ትእዛዝ እየሰማ መምታት ትቶ ይርገበገባል። ረብሻው የሚበዛው ከሳንባ ወደ ልብ ደም በሚያመጡት አራት ሥሮች አፍ ላይ ነው። ሐኪም በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የእነዚያን ሥሮች አፍ ዙሪያውን ያጥረዋል። አጥሩ የሚሠራው ወይ ነጥብ በነጥብ በማቃጠል ነው፤ ወይ ፊኛ አስገብቶ በማቀዝቀዝ ነው።

«የትኛው ይሻላል?» አለ ክንዱ።

«እንዲህ ለቆየ ሕመም የሁለቱም ውጤት ተቀራራቢ ነው» አለች ዶክተሯ። «ከአጥሩ ሌላ ተጨማሪ መስመር የሚያቃጥሉ ሐኪሞችም አሉ፤ ብዙ ማቃጠል ብዙ እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ሐኪሙ እጁ የለመደውን ቢሠራ ነው የሚሻለው። የእናንተ ሥራ ሌላ ነው።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ተናገረች። ልብ ሲርገበገብ ደም ጥግ ላይ ቆሞ ይረጋል። የረጋ ደም ከተገኘ ማንም ሐኪም ቱቦ አያስገባም፤ ከቦታው ከተነሣ ወደ አንጎል ይሄዳልና። «ስለዚህ ደም ማቅጠኛውን እንዳያቋርጡ። የደምዎን ቅጥነት በየሳምንቱ እየመጡ ይለኩ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ የዚህን መድኃኒት ኃይል ይሰብራል። ጾሙ ሲገባ ምግብዎ ከተለወጠ ይንገሩኝ፤ መጠኑን አስተካክላለሁ።» ይህን ሁሉ ተናግራ ስትጨርስ ክንዱ አገጩን እያሸ «ታዲያ ቢቃጠል ይሻላል ቢቀዘቅዝ?» ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ ጉዱ የጀመረው ከዚያ ነው። ክንዱ ማቃጠል አለ። ምክንያቱም አባቱ በሬያቸውን በብረት ተኩሰው ከበሽታ አድነውት ነበር። በሬው በማግሥቱ ያርስ ነበር ይላል። ሕዝቅኤል ማቀዝቀዝ አለ። እሱ ደግሞ ስልኩ ላይ አንብቧል፤ ማንበቡ አልበቃ ብሎት ከዓሣ ገበያው ማስረጃ አመጣ። በረዶ ላይ ያለ ዓሣ ሳይበላሽ አዲስ አበባ ይገባል፤ እሳት ላይ የወጣ ዓሣ ግን ዓሣ መሆኑ ቀርቷል አለ። የተማረ ሰው ነው ይህን የሚናገረው። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ነው።

ዘመድ ለሁለት ተከፈለ። የክንዱ ወገን ማክሰኞ ሲመጣ የሕዝቅኤል ወገን ረቡዕ ይመጣል፤ ሁለቱ ከተገናኙ አይዋደዱም። በጽዋ ማኅበራችን ላይ ሳይቀር ተነሣ። ዓመት ሙሉ ስለ አካሉ ጤና ያልጠየቁ ሰዎች ስለ ፊኛው ስፋት ተጣሉ። አንድ ቀን አካሉ መሐል ገብቶ «የትኛው ነው ቶሎ ወደ ጀልባዬ የሚመልሰኝ?» አለ። ሕዝቅኤል እጁን አንሥቶ «ቆይ ጋሼ፣ እሱ ዝርዝር ነው» አለው። እነሱም ቀጠሉ።

በሽተኛ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ወተት፣ ዶሮ፣ ዓሣ ያመጣል። ጾም ነው። ሕዝቅኤል ቅጠላ ቅጠል ለልብ ጥሩ ነው የሚል ነገር አንብቦ ለወገኑ አዳረሰ፤ ክንዱም በዚህ እንኳ እንዳይበለጥ ለራሱ ወገን አዳረሰ። ጎመን መጣ። በፌስታል መጣ፤ በዘምቢል መጣ፤ በማዳበሪያ መጣ። ከማክሰኝት ድረስ አንዲት የአክስታችን ልጅ ሐይቁን ዞራ በአውቶቡስ ጎመን ይዛ መጣች፤ ባሕር ዳር ጎመን የማይበቅል ይመስል። ባንቺአየሁ ራሷ ከግቢው ጀርባ ጎመን አላት። ሐኪሟ ያለችው ትዝ ብሏት ለወንድሟ ለክንዱ ብትነግረው «እሱ ለማስጠንቀቅ ያህል የሚሉት ነው፤ ጎመን ማንን ገደለ?» አላት። ደግሞም እንግዳ ያመጣውን ሳያቀርቡ መቅረት ነውር ነው። አካሉ ጎመን በምሳ፣ ጎመን በእራት በላ። ያመጡት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩት፣ «ጨምሪለት» እያሉ፣ እሱም እያመሰገነ በላ።

ጠቡ ሲከርር ዘመዶቼ የሚያውቁትን አደረጉ፤ ሽማግሌ ጠሩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሽማግሌ ለድንበር፣ ለትዳር፣ ለደም ሲቀመጥ አይቻለሁ። ለልብ ሥር ሲቀመጥ ያየሁት ያኔ ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ፅጌ ማርያም ናቸው፤ ድጓ ሲያስተምሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ በዕውቀታቸው የምንኮራባቸው ሰው። ድጓውን ትተው ይህን መቀበላቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቀኑ የደም ምርመራው ቀጠሮ ቀን ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀጠሮ ሕዝቅኤል ሐኪም ቤት ጉንፋን አለ ብሎ አስቀርቶታል። ባንቺአየሁ «ዛሬስ ይሂድ» ስትል ክንዱ «ደሙ የትም አይሄድም፤ ሽማግሌ ግን ተመልሶ አይገኝም» አላት። አካሉ ነጠላውን ለብሶ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የእሱ ጉዳይ ሊታይ ሽማግሌ ተቀምጦ ጥሎ መሄድ አልሆነለትም። ነጠላውን አውልቆ ተቀመጠ።

ግቢው ውስጥ ማንጎ ሥር ወንበር ተደረደረ። ክንዱ ቆሞ ስለ በሬው ተናገረ። ሕዝቅኤል ቆሞ ስለ ዓሣው ተናገረ። እማኝ ተሰማ። ሽማግሌዎቹ ገለል ብለው መከሩና ተመለሱ። መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሥሮቹ ስንት ናቸው አላችሁ?» ብለው ጠየቁ። አራት ናቸው ተባለ።

«እንግዲያውስ ሁለቱ ይቃጠሉ፣ ሁለቱ ይቀዝቅዙ።»

ሰው ሁሉ በእፎይታ አጨበጨበ። ክንዱና ሕዝቅኤል ተቃቀፉ፤ አንዱ የሌላውን ጉልበት ሊስሙ ተሽቀዳደሙ። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ከምሳው ግማሹ ጎመን ነበር። እኔ በልቶ የሚስቅ አፍ ሁሉ አስጠልቶኝ ሳልበላ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ከፋሲካ በኋላ አካሉን ይዤ አዲስ አበባ የሄድሁት እኔ ነኝ። ክንዱ የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ለአዲስ አበባው ሐኪም እንድነግር አደራ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ ከሁሉ በፊት በአካሉ ጉሮሮ ካሜራ መሰል አልትራሳውንድ አስገብቶ ልቡን ከጀርባ አየ። ተመልሶ ሲወጣ ፊቱን አይቼ አወቅሁ። በልቡ የግራ ላይኛው ክፍል፣ ጥግ ላይ ባለች ኪስ ውስጥ፣ ደም ረግቷል። ማቃጠልም የለም፤ ማቀዝቀዝም የለም።

«መድኃኒቱን ያቋርጡ ነበር?» አለው።

«አንድ ቀን አላቋረጥሁም» አለ አካሉ።

«ጎመን ይበላሉ?»

አካሉ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እታለም፣ እኔ እኮ ጎመን አልወድም» አለኝ። ያን ቀን ዘመዶቼን እጄ ላይ ባገኛቸው ምን እንዳደርግ አላውቅም።

ተመልሰን ባሕር ዳር ስንገባ ዘመድ ተሰብስቦ ጠበቀን። የሆነውን ነገርኋቸው። ማንም «እኔ ነኝ» አላለም። ሰው ሁሉ የራሱ ፌስታል ትንሽ እንደነበረች አስታወሰ። ሕዝቅኤል ከኢኮኖሚክስ ትምህርቱ ስለ ኅዳግ ውጤት የሆነ ነገር ተናገረ። በመጨረሻም ተመካክረው ጥፋተኛዋን አገኙ፤ ዶክተር መቅደላዊት ናት፤ አጥብቃ አልተናገረችም። ከዚያ አንድ በአንድ ወጡ።

ዶክተሯ አካሉን እንደገና ተቀበለችው። መድኃኒቱን አስተካከለች፤ ለወራት በየሳምንቱ እየለካች፣ የረጋው ደም እስኪሟሟ መጠበቅ እንዳለበት ነገረችው። አንድ ጊዜ የተረፈ ሰው ሁለተኛ ላይተርፍ እንደሚችልም ሳትደብቅ ነገረችው። በዚህ ጊዜ ኮሪደር ላይ አልቀረሁም። ባንቺአየሁ የጓሮውን ጎመን እየነቀለች አለቀሰች፤ እሷን ይቅር ብያታለሁ። አካሉ ሽሮውን እየበላ ጠበቀ። ጀልባ ማቆሚያው ሄዶ መቆሙን ግን ተወ፤ አላስችለው ብሎ ነው።

ሰኔ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ክንዱ እየሳቀ ገባ። ጥቁር ፌስታል ይዟል። ጥፋቱን ሊክስ የመጣ ሰው ፊት ነበረው። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ፈታው። ውስጡ ቅጠል ነው፤ ገና ከማሳ የተቆረጠ፣ ውኃ የሚያንጠባጥብ።

«ጋሼ አካሉ፣ እንዳትደነግጥ፤ ጎመን አይደለም» አለ። «ቆስጣ ነው። ከእኔ ጓሮ ነው።»

እኔ አፌን ልከፍት ስል አካሉ እጁን አነሣ። ተቀምጦ ቅጠሉን አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። ይበላዋል ብዬ ፈራሁ፤ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነውና። ከዚያ ፌስታሉን ቋጥሮ ለክንዱ በእጁ ሰጠው።

«ውረድ» አለው።

ክንዱ አልገባውም። «የት ነው የምወርደው?» አለ። ከዚያ የአካሉን ፊት ሲያይ ገባው። ያንኑ ፊት ደንገሉ ዳር አይቶታል። ፌስታሉን ይዞ ወጣ፤ በሩንም አልዘጋውም።

በማግሥቱ ሽማግሌ መጣ። ክንዱ ተዋርዷል፤ ስጦታው ተመልሷል፤ ይታረቁ ተባለ። አካሉ ተነሥቶ ተቀበላቸው፤ ወንበር አቀረበ፤ ሲናገሩ እስኪጨርሱ አደመጠ። «መሪጌታ፣ እርስዎን አከብራለሁ» አለ። «ስለ ልቤ ግን ሽማግሌ አልላክሁም፤ አልቀበልምም። ስለ ሌላ ነገር ሲመጡ ቤቱ የእርስዎ ነው።» መሪጌታ «አጥፍተናል ልጄ» አሉ። ከሁሉም ዘመድና ወዳጅ ይህን ቃል የተናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ ንዴቴ ከሳቸው ላይ ትንሽ በረደ።

ሁለተኛ አዲስ አበባ ስንሄድ ለማንም አልነገርንም። ካሜራው ገባ፤ ኪሷ ንጹሕ ናት። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ሁለቱ መንገዶች ማስረዳት ጀመረ። አካሉ በትሕትና አደመጠውና «ዶክተር፣ እኔ ጣናን ሳቋርጥ በየት በኩል ልሂድ ብዬ ተሳፋሪ አልጠይቅም» አለው። «እርስዎ እጅዎ የለመደውን ያድርጉ።» ሐኪሙ ሳቀና ወረቀቱን አስፈረመው።

አካሉ አሁን ይነዳል። ዶክተር መቅደላዊት ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል፣ ያኔም እንደገና ሊሠራለት እንደሚችል ነግራዋለች፤ መድኃኒቱንም አላቆመም። ደረቱ ውስጥ ያለው ዓሣ ግን ጸጥ ብሏል። ዘመዶቼ የሆነውን ሲሰሙ የጠየቁት ድኗል ወይ ብለው አይደለም። ተቃጠለ ወይስ ቀዘቀዘ ነው ያሉት። አካሉ አይነግራቸውም። እኔ አውቃለሁ፤ ለናንተም አልነግራችሁም፤ ከናንተም መካከል ክንዱ አይጠፋም።

በቅርቡ ጎርጎራ የዘመድ ሰርግ ነበርና ዘመድ ሁሉ በእሱ ጀልባ ተሳፈረ። ክንዱም መጣ፤ የታረቁ መስሎ እንዲታይ ከመሪው አጠገብ ቦታ ይዞ ተቀመጠ። ከባሕር ዳር ራቅ እንዳልን ቻል አድርጎ ቢቆይም አልሆነለትም፤ ተነሥቶ ቆመ።

«ጋሼ አካሉ፣ አሁንስ ንገረን እንጂ። የትኛው ነው?»

አካሉ አልዞረም። ሞተሩን ጋብ አድርጎ ወደ ዳሩ አየ፤ ደንገሉ ቅርብ ነበር። ክንዱ ወደ ደንገሉ አየ፤ ወደ አዲሱ ጫማው አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ጎርጎራ እስክንደርስም ቃል አልተነፈሰም።